በቤቱና በአጥሩ መካከል

እታለም ዶሃ ስትመጣ በቤት ሠራተኝነት የገባችበት ቤት በአሮጌው ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደበት የሚሞላ ጠባብ መንገድ ነው። አረቦቹ «ሲካ» ይሉታል። ፀሐይ እዚያ የምትገባው ቀትር ላይ ብቻ ነው፤ ያኔም ብዙ አትቆይም። ከሰዓት በኋላ የአሠሪዋ የባባ እናት ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ያስነጥፋሉ፣ ጎረቤትም ይሰበሰባል። እታለም «ማማ ከቢራ»፣ ማለትም ትልቋ እናት፣ ነው የምትላቸው። በዚያ ቤት ኤሲ የነበረው ሁለት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከሚብስባቸው ወራት በቀር አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይውላል።

ኋላ ቤቱ ሊፈርስ ሆነና አል ገራፋ የሚባል ሰፈር ቪላ ገቡ። ቪላው በአጥር መሀል ብቻውን የቆመ ስለሆነ ፀሐይ በአራቱም በኩል ታገኘዋለች። የሳሎኑ መስኮት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፤ አይከፈትም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጥላ ግን የለውም። ዳቦ እንኳ የሚመጣው በመኪና ነው፤ ሹፌሩ ኑሩ ዳቦ ቤት በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ ካጠፋ ወንበሩ ግሎ አያስቀምጥም። ኤሲው ከሳሎን እስከ ዕቃ ቤት ሌት ተቀን ይሠራል። የደብረ ብርሃኗ እታለም በሰኔ ዶሃ ላይ ሹራብ ለብሳ ወለል ትወለውላለች። መጀመሪያ ጣቶቿ ሲደነዝዙ ይሰማት ነበር። በኋላ እሱም ቀረ። እናቷ ያረፉ ዕለት ወንድሟ ደውሎ ነገራት፤ ስልኩን ዘጋችና ልብስ መተኮሷን ቀጠለች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር። አልመጣላትም።

ቪላው በገቡ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ኤሲው ቆመ። የመጣው ሠራተኛ ነካክቶ «ዕቃው ነገ ነው የሚገኘው» ብሎ ሄደ። ባባ ሥራ ላይ ነበር። ሚስቱ ማዳም ልጆቹን ይዛ ሉሰይል ወዳለ ሆቴል ልትሄድ ተነሣች።

«እኔ ሆቴል አልሄድም» አሉ ማማ ከቢራ። ቢለመኑም እምቢ አሉ። እታለም አብራቸው ቀረች።

ቀትር ሳይደርስ መስታወቱ ቤቱን ምድጃ አደረገው። የአሮጊቷ ከንፈር ደረቀ፤ ዓይናቸው ይከደን ጀመር።

«በሩን ክፈችው፣ ልጄ።»

«ከፍቼዋለሁ፣ ማማ።»

«ታዲያ ነፋሱስ?»

እታለም ለኑሩ ደወለች። «መንገዱ ተዘጋግቷል፣ እየመጣሁ ነው» አላት። መጠበቅ እንደማይቻል ገባት። ከቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ቀጭን ቦታ ነበር። ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው። መሬቱን በጎማ ውሃ አርከፈከፈች፣ ምንጣፍ አነጠፈች፣ አንሶላ አርጥባ ከላይ ወጠረች። ከዚያ አሮጊቷን «በስመ አብ» ብላ ደግፋ አወጣቻቸው።

ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። «ማነሽ? አበሻ ነሽ እንዴ?»

አልታየች ትባላለች፤ የጎረቤት ሠራተኛ ናት። ሦስት ዓመት በአንድ አጥር ሲኖሩ አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም። የሆነውን ስትሰማ መሰላል አቁማ በረዶ በሳህን አቀበለቻት። እታለም በረዶውን በጨርቅ ጠቅልላ በአሮጊቷ አንገት ላይ አደረገች። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና አጥሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ሲካ» አሉ። ቀጥለውም የድሮ ጎረቤቶቻቸውን በስም በስም እየጠሩ «ገና አልመጡም?» ይሉ ጀመር።

«ይመጣሉ፣ ማማ» አለች እታለም።

ኑሩ ሲደርስ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ ውሃ አጥሯቸዋል አለ እንጂ ሌላ አላገኘባቸውም። ባባ እየሮጠ መጣ፤ እናቱን ግንባራቸውን ሳመ፣ እታለምንም ደጋግሞ አመሰገናት።

«ሁለተኛ አይደገምም፣ ኢንሻአላህ» አለ።

በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ተጨማሪ ኤሲ ገጠሙ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲሠራ። የውጪውን ማሽኖች የደረደሯቸው በዚያው ጥላ ቦታ ላይ ነው። አሁን እዚያ ትኩስ ንፋስ ይጋረፋል፤ ጩኸቱም ከአጥሩ ማዶ የሚጣራ ሰው አያሰማም።

«ወደ ሲካ ውሰጂኝ» አሉ ማማ ከቢራ አንድ ቀን።

«አሁን እዚያ አይቀመጥም፣ ማማ። ማሽን ገብቶበታል።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ደግመው አልጠየቁም።

ታኅሣሥ ላይ የውጪው አየር ጥሩ ሆነ። እታለም ማዳምን «የማማን መስኮት ትንሽ ብንከፍተውስ?» አለቻት።

«አይከፈትም፤ ቤቱ ሲሠራም እንዲህ ነው የተሠራው» አለች ማዳም።

እታለም አላዘነችም። ሄዳ፣ ኤሲው ለሚያበርዳቸው ማማ አንድ ብርድ ልብስ ጨመረችላቸው።