እህል እስክትቀምስ

የዚያን ጊዜው የኑግ ዘይት ሽታ ሌላ ነበር። አባይነሽ ከወለቃ አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር ሻይ ቤቷን በከፈተችበት ዘመን፣ ፓስቲው ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲንጫጫ ሽታው ብቻውን ዳገቱን ወጥቶ መንገደኛ ይጠራላት ነበር። አያ አድማሴም ገበያ ሲወርድ፣ ትንሿን ልጁን ዓይናዲስን አህያው ላይ አስቀምጦ ጎራ ይላል። የልጅቱን ሻይ ከብርጭቆ ብርጭቆ እየገለበጠ ያበርድላታል። ለራሱ ግን ጠጣ ቢሉት እሽ አይልም፤ ሻይ የበሽተኛ መጠጥ ነው እያለ አባይነሽን ያበሽቃታል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ሚኒባስ ደጇ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው የዓይናዲስ አጎት ዳኛው ነው። ዓይናዲስ ተከተለችው፤ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ዳኛው አባትሽን ትንሽ አሞታል ብሎ ከዚያ አስነስቶ ማምጣቱ ነው።

አያ አድማሴ ግን ሌሊቱን አርፏል። አባይነሽም ጎህ ሲቀድ ለቅሶ ደርሳ፣ ለቀብር እስክትመለስ እሳቱን ልትቆሰቁስ መምጣቷ ነበር። ዳኛው ከልጅቱ ጀርባ ቆሞ በዓይኑ ለመናት። ልመናው ገባት። መርዶ የሚነገረው ልጅቱ ቤት ደርሳ፣ ዘመድ ከቧት ነው። ከሰማች ወዲያ ደግሞ ውሃም በጉሮሮዋ አይወርድም። እዚህ ያስቆማት እህል እንድትቀምስ ብቻ ነበር።

አባይነሽ ትኩስ ፓስቲና ሻይ አቀረበች። ከዚያ የሚሠራው ሥራ ጠፋት። የተጠረገውን ጠረጴዛ ደግማ ጠረገች። ዓይናዲስ እየበላች ታወራለች፦ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳለች፣ አባቷን ጎንደር አውርዳ ታሳክመዋለች፣ እምቢ ቢል እንኳ አዝላው ትወርዳለች። ዳኛው፣ አንድ ፓስቲ ብቻ ምን ይሆናል፣ ጨምሪ ይላታል። እሷ ግን ሳቅ አለችና ወደ አባይነሽ ዞረች።

«እትዬ፣ ለአባባም ሁለት ጠቅልይልኝ። ሻይሽን ቢንቅ ፓስቲሽን አይጠላም።»

አባይነሽ አልጠቀልልም ማለት አልሆነላትም። ጋዜጣ ቀድዳ ሁለት ፓስቲ አኖረችበት፣ ጠቀለለች፣ ጥቅሉ ተፈታባት፣ እንደገና ጠቀለለች። ልትሰጣት ስታጎነብስ የነጠላዋ ጥለት አንገቷ ሥር ታየ። ከለቅሶ ስትመለስ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀችው ረስታዋለች።

ዓይናዲስ ማኘኳን ተወች።

«እትዬ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«የእህቴ አማት» አለች አባይነሽ።

«አንድ ጎረቤት ነው» አለ ዳኛውም፣ እኩል።

አባይነሽ ነጠላዋን ልታዞረው እጇን ሰደደች፤ አሁን ማዞሩም ነውር መሰላትና ተወችው። ዳኛው መሬት መሬት ያያል።

«ለዚህ ነው ብይ ብይ ያልኸኝ፣ አያ ዳኛው?»

ዓይናዲስ የያዘችውን ቁራሽ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፤ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ ጥቅሉን ከጠረጴዛው አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ ተነሥታ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳትል ወጣች።