የወይዘሮ ኬይኮ የመጨረሻ ሻይ

ዛሬ ጆሃንስበርግ ውስጥ አንድ ካፌ ስገባ የአረንጓዴ ሻይ ሽታ ተቀበለኝና እዚሁ ከተማ ጎረቤታችን የነበሩት ወይዘሮ ኬይኮ ትዝ አሉኝ። የኮሮና ጊዜ ነበር፤ እኔ አሥር ዓመቴ። ጃፓናዊቷ አዛውንት በራቸውን ከፍተው እኔንና እናቴን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡን። የሻዩን ዱቄት በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ መቱት፤ እጃቸው አንዴም አልተጣደፈም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጃቸው አቀረቡልን። ሻዩ መራራ ነበር።

«በረራ ስለቆመ ከጃፓን አይመጣልኝም። ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አሉ።

እናቴ ደነገጠች። «ታዲያ ለምን ለእኛ ያወጡታል?»

«ብቻዬን ስጠጣው ሻይ ነው። ለእንግዳ ሳቀርበው አገሬ ነው።»

እኔ አልገባኝም። እናቴ ግን ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። እስከዚያ ቀን የምታናግረኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሰችኝ በአገሯ ቋንቋ፣ በሃዲይኛ ነው።

አሁን ሆሳዕና ካለችው አያቴ ጋር በስልክ ያለ አስተርጓሚ እናወራለን።