የአክስቴ ዘይነባ ገበያ

ልጅ ሳለሁ፣ የምነግርሽን ጻፊ እንግዲህ፣ እኛ ቤት የሚወራው ተረት ጅብና ቀበሮ አልነበረበትም። የአባቴ እህት አክስቴ ዘይነባ ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ማታ ማታ ፍሙ ላይ በቆሎ እየጠበሰች፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ያኔ የምታወራልን ስለ ሙባረኪያ ገበያ ነበር። ዝናብ በሌለበት አገር ለፀሐይ ብለው ጣሪያ የሠሩለት ገበያ ነው ትለናለች። አሳው በረዶ ላይ ተኝቶ ዓይኑን ያፈጥብሻል፤ ቴምር ሻጩ «ቅመሺ» ይልሻል፤ እሷም ከየመደቡ እየቀመሰች፣ ምንም ሳትገዛ ጠግባ ትወጣለች። እኛ በኩራዙ ብርሃን ምራቃችንን እንውጣለን።

ሲያልቅ ዳቦውን ትታ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቴምር አብሱ» ትላለች።

«ሳድግ ሄጄ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«አንቺ? መንገድ ላይ በልተሽ ፍሬውን ነው የምታመጪልኝ» ብላ ሳቀችብኝ።

አደግኩ፤ ኩዌት መጣሁ፤ ሳባህ አል-ሳሌም የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ገባሁ። ሙባረኪያን ያየሁት ማዳም ለረመዳን ልትገዛዛ ይዛኝ የሄደች ቀን ነው። በአንድ እጄ ፌስታል፣ በሌላው ልጇን ይዤ፣ እንዳልጠፋባት ተረከዟን ተረከዟን እያየሁ ስከተል ዋልኩ። ቴምሩን ግን ለምኛት ገዛሁና አገር ለምትገባ ልጅ አስይዤ ላክሁት።

ሲደርስ ለአክስቴ ደወልኩ። «ቴምርሽን ጎረቤት በላው» አለችኝ፤ «እኔን ስኳር ይዞኝ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሳላውቅ ነዋ የላክሁልሽ» አልኳት።

«ተይው፣ አፌ ይቅር። ተረቴን መልሺልኝ። አሳው ዛሬም ያፈጣል? ሻጮቹስ ያስቀምሳሉ?»

እኔ ያየሁት ተረከዝ ነው። «ሁሉም አለ» አልኳት።

«ጣሪያውስ?»

«አለ።»

መልሴ እንደማያጠግባት ገባትና መጠየቋን ተወች። በሚቀጥለው ኢጃዛ፣ እረፍት ስወጣ፣ ደህና አድርጌ አይቼ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ጁምዓ ይመጣል፣ ይደክመኛል፣ እተኛለሁ፤ በሚቀጥለው እላለሁ። እንዲህ ስል አክስቴ ወደ አኼራ ሄደች።

አሁን ነው ሙባረኪያ ቀስ ብዬ የምሄደው። አሳው እውነትም ያፈጣል። ቴምር ሻጮቹም ያስቀምሳሉ፤ ሳትገዢ ጠግበሽ ትወጫለሽ የሚለው ግን የሷ ጭማሪ ነው፤ ሁለተኛው መደብ ላይ ይነቁብሻል። ይህን ብነግራት እንዴት በሳቀች። ተረቱ ይኸው አፌ ድረስ ሞልቷል፤ የምመልስላት አክስቴ ግን የለችም።