ግራው በሁለት፣ ቀኙ በአራት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ጫፉን ነካ አድርጌ፣ «አባቴ፣ ሥራ ላይ ቸልተኛ ነበርኩ» ብዬ የሰባት ቀን ጾም ተቀብያለሁ። እሳቸው ምን ያውቃሉ? ኃጢአቴን በትንሽ ስም ጠርቼ በትንሽ ቀኖና አመለጥኩ። እናንተ የምታነቡኝ ግን አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም፤ ስለዚህ በሙሉ ስሙ ልጥራው። እኔ የአንዲት ሴት ስም ሲጠፋ ቆሜ ያየሁ፣ በአንድ ቃል ማዳን እየቻልኩ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር።

ይበልጣል እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ባጃጅም እሠራለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ልቤ ያለው ግን ከድሮዎቹ ሞተሮች ጋር ነው።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ገበሬው ግን «ዶክተር» ነው የሚላቸው። ቤታቸው ቡሬ አጠገብ ነው። ትውልዳቸው ከአዊ ስለሆነ አማርኛውንም አገውኛውንም እንደ ልባቸው ይናገራሉ፤ ላም ሲያባብሉ ግን ሁልጊዜ በአገውኛ ነው። ሞተራቸው ቀይ ናት፤ መሥሪያ ቤታቸው አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲያወጣት እሳቸው ገዟት። በዕድሜ የእኔ ታላቅ ናት። ሻሻቸውን አጥብቀው፣ የመድኃኒት ቦርሳቸውን ከኋላ ጭነው፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ሲበሩ ገበሬው ሞፈሩን ይዞ ቆሞ ያያቸው ነበር። እኔም ወደ ከተማችን ብቅ ሲሉ ቁልፍ በእጄ ይዤ ፈዝዤ ቀርቻለሁ። ሰውና ሞተር እንዲያ ሲስማሙ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ መጡ። «ይበልጣል፣ ይች ሞተር ወገቤን ጨረሰችውኮ!» አሉኝ። አይቼ አወቅሁ፤ የኋላ አሞርዛተሮቿ ዘይታቸውን ተፍተው ጨርሰዋል። አሞርዛተር ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚቆመው፣ ሞላ የለበሰው ዘንግ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ምቱን የሚቀበለው፣ ጎማውም ከመሬት እንዳይለቅ የሚይዘው እሱ ነው።

ሁለት ጥንድ አቀረብኩላቸው። አንደኛው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ግን ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። ሁለተኛው ከተፈታታች አሮጌ ሞተር ላይ የወጣ ነው፣ አቧራ የጠጣ። እኔ የትኛው እንደሚሻል አውቃለሁ፤ እሳቸው ምን እንደሚሉ ለማየት ግን ዝም አልኩ። ወይዘሮ ብርቄ ተራ በተራ እያነሡ መሬት ላይ አቁመው በሁለት እጃቸው ተጫኗቸው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልክ የታመመች ላም ጎን እንደሚዳብሱት። ለቀቋቸው። አዲሱ ዘሎ ተመለሰ። አሮጌው ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ ወጣ። «ይሄ ነው ጤነኛው» አሉ፣ አሮጌውን ይዘው። «ያኛው ይደነብራል። ደግሞ ረጅም ነው፤ እግሬ መሬት ላይደርስ ነው።» እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል! ማን አስተማራቸው? እጃቸው ብቻ። ደስታና ቅናት አንድ ላይ ያዘኝ።

መግጠሙ ቀላል ነው፤ ሥራው ማስተካከሉ ላይ ነው። በሞላው ግርጌ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቀለበት አለ፤ አምስት ደረጃ። በመንጠቆ ቁልፍ ሲያዞሩት ቀጭ እያለ አንድ አንድ ይወጣል፣ ሞላውም ይጠነክራል። ልኩ የሚታወቀው ነጂው ከነጭነቱ ተቀምጦ ነው። እኔ በክር ነው የምለካው። ከጎማው እምብርት እስከ መቀመጫው ጫፍ ወጥሬ እቋጥራለሁ፤ ነጂው ሲቀመጥ ደግሜ እወጥራለሁ፤ ወደ ታች የወረደችው ሦስት ጣት ከሆነ ልክ ነው። ለዚህ ከነጂው ኋላ መንበርከክ ግድ ነው፤ ቆሞ አይለካም። ግራና ቀኙም አንድ ዓይነት ደረጃ ላይ መዋል አለባቸው፤ አለዚያ የኋላው ጎማ ይጣመማል። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ታዲያ ምን ነካኝ?

የገበያ ቀን ነው። ወይዘሮ ብርቄ ቦርሳቸውን ጭነው ሞተሯ ላይ ተቀመጡ። እኔ በጉልበቴ ወረድኩ። ሁለቱም ቀለበቶች በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ፤ ለካሁ፤ አምስት ጣት ወረደች፣ በዝቷል። በቀኝ በኩል ቁልፉን አስገብቼ ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ አደረግኩና አራት ላይ አዋልኩት። ወደ ግራው ልዞር ስል የእህል ነጋዴው ጎረቤቴ፣ አያ ደረሰ፣ ከሱቁ ደጃፍ ጮኸ።

«ይበልጣል! ስቅለት ሳይደርስ ስግደት ጀመርህሳ? ያውም ለሴት!»

ሰዉ ሳቀ። ጤፍ የተሸከመው፣ ጋሪ የሚነዳው፣ ሽንኩርት የዘረጋችው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ተነሣሁ፣ ጉልበቴን አራገፍኩ፣ «አለቀ» አልኩ። አላለቀም ነበር። ግራው በሁለት፣ ቀኙ በአራት። ሰዉ ሲበተን እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ አስነሥተው ሄዱ። «ቆዩ» ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል። ያቺን ቃል ይሉኝታ አስቀረብኝ። ደግሜ መንበርከክ ሊኖርብኝ ነዋ! አያ ደረሰ ደግሞ ሊስቅብኝ ነዋ!

አያ ደረሰን አልከስም። እሱ ቀለደ፤ ወዲያውም ረሳው። ቁልፉ የነበረው በእኔ እጅ ነው።

ከፋሲካ በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «እንዴት ናት?» አልኳቸው። «ትንሽ ወደ ግራ ትጎትተኛለች። አዲስ ነገር ስለተገጠመላት ይሆናል፤ ትለምደኝ ይሆን?» አሉኝ፤ ጥፋቱን በራሳቸውና በሞተሯ እየፈለጉ። ከእኔ ዘንድ ሊፈልጉት አላሰቡም። እኔስ ምን አልኩ? «አዎ፣ ትለምድዎታለች» አልኩ። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም ሳይስቅብኝ፣ ማንም ሳያየኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወደቁ። ጥጃዋ አልወጣ ያላት ላም አለች ተብለው ወደ ሽንዲ በኩል ሲገሰግሱ፣ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ጠመዝማዛ ፍሬን ሲይዙ ሞተሯ ወደ ግራ ጠለፈቻቸው። ክንዳቸው ተሰበረ። ገበሬዎች እሳቸውን ወደ ሕክምና፣ ሞተሯን ደግሞ በጭነት መኪና ወደ እኔ አመጡ። «ምን እንደሆነች እይልን» አሉኝ።

አየሁ። ግራው በሁለት፣ ቀኙ በአራት። እንደተውኩት።

መሪዋን አቃናሁና፣ አሞርዛተሮቹን ሳልነካ፣ ይዣት ወጣሁ። ምን ያህል እንደበደልኳቸው ለራሴ ለማወቅ ፈልጌ ነው። በቀጥታው መንገድ ምንም አትልም። ጠጠሩ ላይ ስገባ ግን ከኋላዬ አንድ ሰው መቀመጫውን ይዞ የሚያጣምመኝ መሰለኝ። ኩርባ ላይ ልታዞረኝ ነበር፤ እግሬን አውርጄ ተረፍኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተር የነዳሁ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ላብ አጠመቀኝ። ከመንገድ ዳር አቁሜያት ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ብርቄ ይህችን ነገር ከሁለት ወር በላይ ነድተዋታል። በዚያ ጠጠር፣ በዚያ ቁልቁለት፣ የጠርሙስ መድኃኒት ጭነው። በየቀኑ እየታገሏት፣ በየቀኑ እያቃኗት። ምን ዓይነት እጅ ነው ይሄ? ምን ዓይነት ልብ ነው? ብዙ ጎበዝ ነጂ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፤ ሰው ይህን ይችላል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር። እንባዬ መጣ። ያለቀስኩት ከጸጸት ብቻ አይደለም፤ ከመገረም ነው። በሕይወቴ ያየሁትን ትልቅ ችሎታ ያየሁት በራሴ ጥፋት ውስጥ ነው።

ይህን አውቄ ምን አደረግኩ? ጋራዡን ከውስጥ ዘጋሁ። መንጠቆ ቁልፉን አነሣሁ። ግራውን ቀጭ፣ ቀጭ። አራትና አራት። ስነዳት እንደ ውኃ ሄደች። ሳልጨርስ ከመተዌ ይልቅ ይህ ነው ኃጢአቴ። መጀመሪያ ሥራውን የተወው እጄ ነበር፤ አሁን ግን አእምሮዬም ልቤም አብረው ሠሩ። ምስክሩን በገዛ ቁልፌ አጠፋሁት።

በማግሥቱ አያ ደረሰ መጣ፤ ሌሎችም ተከትለውት። «ይበልጣል፣ ሞተሯ ምን ሆና ኖሯል?»

«ምንም የላት» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነማ እጃቸው ነው። አየህ፣ ሴትና ሞተር…»

«እንግዲህ ምን ይባላል» አልኩ። ይህችን ነው ያልኩት። ራሴንም ነቀነቅኩ።

የእኔ ቃል ገበያውን አዳርሶ ገጠር ገባ። ባለሙያው አይቷታል፣ ሞተሯ ጤነኛ ናት፣ የጣላቸው እጃቸው ነው ተባለ። ክንዳቸው ዳነ፤ ግን ሞተሯ ላይ ዳግመኛ አልወጡም። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሆነ። የአንድ ገበሬ በሬ ሆዱ ተነፍቶ፣ እሳቸው በእግራቸው እየገሰገሱ ሳለ፣ ሳይደርሱለት ሞተ። ገበሬው ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፤ እህል ሊሸምት መጥቶ ከደጃፌ ነው ያለቀሰው። መሥሪያ ቤታቸው ለአንዲት ወጣት ባለሙያ ሞተር ሊሰጣት ሲል አባቷ «እንደ ብርቄ ልትሰበሪብኝ ነው?» ብሎ እንዳስተዋትም ሰምቻለሁ። የእኔ ሁለት ቀጭታ እስከዚያ ድረስ ሄዷል።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ብርቄ ወደ እኔ መጡ። «ይበልጣል፣ ያችን ሞተር ሽጥልኝ። ቆማ ከምትዝግ ሰው ይጠቀምባት።»

«ምነው፣ አይነዱም እንዴ?» አልኳቸው። ደፍሬ!

«አይ ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው እያዩ። «ሞተሯ ደህና መሆኗን አንተው መስክረሃል። የከዳኝ እጄ ነው። እኔሳ የማይከዳኝ ይመስለኝ ነበር።» ቂም የለባቸውም፤ ጥርጣሬም የለባቸውም። አራት ዓመት ሙሉ ያመኑት እኔን፣ የካዱት ራሳቸውን ነው። «እሽ፣ ገዢ እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ያን ጊዜም አልነገርኳቸውም። እስኪ ፍረዱኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ፈሪ አለ?

ወጣት ነበርኩ እንዳልል ጎልማሳ ነበርኩ። አላውቅም ነበር እንዳልል ከሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሳቁ ነው እንዳልል፣ ጋራዡን ዘግቼ ቁልፉን ያዞርኩ ቀን የሳቀብኝ አልነበረም። የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ገዢ መጥቶ ነበር፤ አትሸጥም ብዬ መልሼዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ነገ ወደ ቡሬ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ደጃፍ ቆሜ በእጃቸው እሰጣለሁ፤ አንብበው እስኪጨርሱም አልሄድም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ለእሳቸው ነው።

ወይዘሮ ብርቄ፣ እጅዎ አልከዳዎትም። የከዳሁዎት እኔ ነኝ። የተጣመመች ሞተር ሰጥቼዎት እርስዎ ከሁለት ወር በላይ ቀጥ አድርገው ነዷት፤ እኔ ግማሽ ሰዓት አልቻልኳትም። ይህን አይቼ ደበቅሁት። ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ አያ ደረሰም ባለበት፣ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ፤ ቢመጡም ባይመጡም። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ የምለምነው ከዚያ በኋላ ነው። ቢነፍጉኝም ልክ ነዎት።