የበልጉ ወረቀት ጀርባ

ማክሰኞ፣ ማለዳ

ከመካነ ሰላም መናኸሪያ የተነሳሁት እህቴን ከወንዝ ዳር ላስነሳ ነው። ሌላ ጉዳይ የለኝም። አገር ልይ የሚል ሰው በመጋቢት ጭቃ አይወጣም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ሲመጣልኝ አንባቢ እለምን ነበር፤ ያነበበልኝ ሁሉ ምስጢሬን እያወራ ሲስቅብኝ ኖሯል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት የግብርና ሠራተኛዋ የበልጉን የአየር ትንበያ ወረቀት ሰጥታ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አንብብላቸው» ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። በጣቴ እየተከተልኩ «በዘንድሮው በልግ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው ላይ ስደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። በልግ ከከዳን ስንት ጊዜው! ወንዶቹ ትከሻዬን መቱኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እልልታው ለእኔ መሰለኝ።

ታላቅ እህቴ አለሚቱም እዚያው ነበረች። ዘንድሮ ወንዙ አይደርቅም ብላ በማግስቱ የሽንኩርት ችግኟን ይዛ ቆላ ወረደች፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ዳር፣ ደለሉ ላይ ልትተክል።

ትናንት ሚስቴ ያን ወረቀት የጎመን ዘር ልትጠቀልልበት ስታወጣው ጀርባውን አየሁት። ጀርባውም ተጽፎበታል። «በደጋው በሚጥለው ከባድ ዝናብ ወንዞች በድንገት ሊሞሉ ስለሚችሉ፣ በወንዝ ዳር የሚገኙ ሰዎችና ንብረት ወደ ከፍተኛ ቦታ እንዲዛወሩ» ይላል። ስደውልላት ስልኳ አይሠራም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

አራት ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ

ዝናቡ ያካፋል። ተሳፋሪው ሁሉ ሠርግ የሚሄድ ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አተኩራ አየችኝና፣

«ያ የምሥራቹን ያነበብክልን አይደለህ?»

«ነኝ።»

«አፍህ ይባረክ! እንካ፣ ጾምህን ስትፈታ ትቆረጥማታለህ» ብላ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ጨመረችልኝ፤ ወረቀቱ ያለበት ኪስ ውስጥ። ያኔውኑ አውጥቼ ጀርባውን ላነብላት ይገባኝ ነበር። አላነበብኩም። ከጥፋቴ በላይ ጥፋቴን መናገር ፈራሁ።

መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን የገፋነውም እኛው ነን።

ስድስት ሰዓት፣ አፋፉ ላይ

መንገዱ እዚህ ያበቃል፤ ከዚህ በእግር ነው። አያ ሰይድ የሚባሉ አንድ የቆላ ገበሬ ሁለት አህዮች ጨው ጭነው ሲወርዱ አገኘኋቸውና አብረን ቁልቁል ጀመርን። ታች ቆላው በፀሐይ ያበራል። ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

«ታች እኮ ጠብታም የለም። በከንቱ ነው መሰለኝ የተሸበርኩት» አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ኋላችን አመለከቱኝ። የመጣንበት ደጋ ሰማዩ ከሰል መስሏል።

«ወላሂ፣ እኔ የምፈራው ይኸን ፀሐይ ነው። እላይ የጣለው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ሲቀመጥ ነው። እህትህ የት ላይ ናት?»

«ከሾላው በታች፣ ደለሉ ላይ።»

አብሽር ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አህዮቹን መታ መታ አድርገው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥቁር ውሃ

አለሚቱ ሽንኩርቷን ትኮተኩታለች። ስታየኝ ቀና አለች።

«እንዴ! ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እታለም። ተነሽ፣ ከዚህ ውጪ።»

«ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስ፣ ምን አባቱ ነክቶሃል? ጥጋብ ነው ብለህ ያነበብክልን ራስህ አይደለህ?»

ወረቀቱን አወጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ጀርባውን እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

«ይኸ ያን ቀን የት ነበር?»

«እዚሁ ወረቀት ላይ።»

«ታዲያ ለምን አላነበብከውም?»

«እልል ስትሉ አቆምኩ።»

እላዬ ላይ አፈጠጠች። «ጅል!» አለችኝ። ልክ ናት። ቀጥላም «ሞተሩን ትቼ ግን ንቅንቅ አልልም» አለች። ውሃ መሳቢያ ሞተሩን የገዛችላት ልጇ ናት፤ ጂዳ ሰው ቤት ወለል እያጠበች በላከችው ብር።

አያ ሰይድ ይኸን ጊዜ ውሃው ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ጠርቶ የነበረው ውሃ አረፋና የደረቀ ቅጠል ይዞ ይወርዳል።

«ድንጋይ ይንኳኳል፤ ስሙ!» አሉ።

ሰማሁት። ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ፣ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ የተነሳ ይመስላል። በሞተሩ መያዣ እንጨት አስገብተን እኔ ከፊት፣ አያ ሰይድ ከኋላ ሆነን ወደ ሾላው ወጣን። አስቀምጠን ዘወር ስል አለሚቱ ከኋላችን የለችም። ደለሉ ላይ ተቀምጣ ሞተሩ ውሃ የሚያሳልፍበትን ረጅም ጎማ ትጠቀልላለች።

እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። መቀነቷን ጨምድጄ ጎተትኳት። በጎማው ፊቴን ገረፈችኝ፤ «የልጄ ላብ ነው፣ ልቀቀኝ!» እያለች። አልለቀቅኋትም። ጎርፉ ሲመጣ ውሃ አይመስልም፤ ግንድ የተሸከመ የጭቃ ግድግዳ ነው። ተረከዛችንን ሲነካን ሾላው ሥር ወደቅን። ዞሬ ሳይ ሽንኩርት የለም፣ ጎማ የለም፣ መሬቱም የለም። ከላያችን ፀሐይ እንደ በራ ነው።

አያ ሰይድ በወንዙ አፋፍ እየሮጡ ከእኛ በታች ወንዝ ዳር ለሚያለሙት «ጎርፍ! ውጡ!» ይላሉ። ተመልሰው «ሁሉም ወጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉን።

አለሚቱ ሞተሩ ላይ ተቀምጣ ደለሉ የነበረበትን ታያለች። ቆሎውን ሰጠኋት።

«ከየት አመጣኸው?»

«ለምሥራቹ የተሰጠኝ ነው።»

ሳታየኝ ቆረጠመችው።

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ

ሐሙስ ቤቴ ገባሁ፤ አለሚቱም አብራኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ የቻለ ሰው ካልቻለው ይልቅ ሰው ሊገድል ይችላል። ያልቻለው ቢያንስ ይጠይቃል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ቆምኩና ከጀርባው ጀመርኩ። ከዚያ ፊቱን አነበብኩ። በመጨረሻ ያደረግሁትን ተናገርኩ። እልል ያለ የለም። ያቺ ቆሎ የሰጠችኝ ሴትዮ አንገቷን ደፋች። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ከወንዝ ዳር ሊጠሩ ወዲያው ተነስተው ሄዱ።

አለሚቱ መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ፊደል አታውቅም፤ ቀለም የነካውን ግን ታያለች። ፊቱን አየች፣ ገለበጠች፣ ጀርባውን አየች። ከታች ጥግ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺስ?»

«ማኅተም ናት፣ እታለም።»

«እሷንም አንብባት።»

አነበብኳት።