የካንጋሮዋ እንገር

ፖሊሶች ከዓረብ አገሩ የሱወይዲ ሰፈር አፍሰው ያስገቡን የእስር ቤት አዳራሽ መስኮት አልነበረውም፤ የላብና የበረኪና ሽታ ነው የተቀበለን። ጥፋቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማጣት ነው። ከዚያ በፊት ግን አገሬ ላይ ሰልፍ ወጥተሻል ተብዬ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ወራት ሲቀሩኝ ከዩኒቨርሲቲ ተባርሬያለሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ፓስፖርቴ «የቤት ሠራተኛ» ስለሚል፣ አገሬ ስመለስ ያባረሩኝ ሰዎች እንዳይለዩኝ ብዬ መማሬን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የወሎ ልጅ አጠገቤ ያለ ጊዜው ወለደች። ያዋለዷት ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ሕፃኑ እፍኝ አይሞላም፤ ዙሪያውን ደግሞ ሁሉም ያስላል። እናቲቱ ቢጫውን የመጀመሪያ ወተት ጨርቅ ላይ ታልባለች።

«ምነው እህቴ?» አልኳት።

«እንገር እኮ ነው፤ ቆሻሻ ነው። እናቴም አፍስሳ ነው ያሳደገችን።»

እትዬ ከመጸዳጃው ቧንቧ በተቀዳ ውሃ ስኳር በጥብጠው ሊያጠጡት ተዘጋጅተዋል። ዝም ማለት አቃተኝ። ጥናቴ ልጃቸውን በሆዳቸው ከረጢት በሚያሳድጉ እንስሳት የበሽታ መከላከያ ዘረ መል ላይ ነበር። ካንጋሮን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ኮምፒውተር ላይ ዘረ መሏን ሳነጻጽር ነው የከረምኩት።

«የካንጋሮ ልጅ ሲወለድ ባቄላ ነው የሚያህለው» አልኩ። «በሽታ የሚከላከልበት አቅም ገና አልተሠራለትም። የእናቱ ወተት ነው የሚጠብቀው። የሰው እንገርም ልጁን ይጠብቃል።»

«ማዳምሽ ናት ያስተማረችሽ?» አሉ እትዬ። አዳራሹ ሳቀ።

«ዩኒቨርሲቲ ነው» አልኩ። እየፈራሁ ነበር።

እትዬ ሕፃኑን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ የስኳሩን ውሃ ደፉት። «ኸላስ፣ በቃ፣ አጥቢው። ደረትሽ ላይ ለጥፊው።»

ዘበኛው «ያላ፣ ቁሙ!» እያለ ሊቆጥረን ሲገባ ልጁ ጡት ይዟል። እትዬ ተነሥተው አባያ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ጋረዷት። እኛም አጠገባቸው ቆመን ጋረድናት። ዘበኛው አንድ ሰው ጎደለ ብሎ ጮኸ፤ ማናችንም ፈቀቅ አላልንም።

«ጠብቅ፣ እየጠባ ነው» አሉት እትዬ፣ በአማርኛ።

በአምስተኛው ቀን ልጁ በጩኸት አላስተኛ አለን። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም።

አገሬ ስገባ የፈራሁት የፖሊስ ምርመራ አልቀረልኝም፤ በመናገሬ ግን አልጸጸትም። ጥናቱንም አልጨረስኩትም። ዛሬ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለ እናት ወተት ሳስረዳ እትዬ ትዝ ይሉኛል። የዕድሜ ልክ ልማዳቸውን፣ ለማያውቋት እስረኛ ቃል ብለው ደፉት። ከመምህሮቼ አንዱም እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም።