ሞተር ፈቺዋ

አሰልጣኟ የስብሰባ አዳራሹን ስትፈልግ በር ተሳስታ ገባች። አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች በተከመሩበት ክፍል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሞተር ይፈታሉ። መነጽራቸው በጫማ ክር ታስሯል። እያንዳንዱን ብሎን ፈትተው የያዘውን ዕቃ ካወጡ በኋላ ብሎኑን እዚያው ቀዳዳው ላይ መልሰው ያስገቡታል።

«ለምን ይመልሱታል፣ እትዬ?»

«ኪሴ ከገባማ የትኛው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

አንዱ ብሎን እምቢ አለ። ሙጫ ተቀብቷል።

«ከተሰበረ ሞተሩ ወደ ማቅለጫ ነው። የሚቀልጠው ከበዛ ደግሞ ክፍሉ ይዘጋና እኛም ወደ ቤታችን!»

ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው እንደታመመ ጥርስ ቀስ ብለው አዞሩት። ጠቅ ብሎ ለቀቀ።

«ሙጫውን የቀባሁት እኔው ነኝ» አሉ እየሳቁ። «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚሁ ፋብሪካ፣ ከላይኛው ፎቅ ሞተር ስገጣጥም፣ ማንም እንዳይፈታው ብዬ። ፈቺዋ ራሴ እንደምሆን ማን ነገረኝ!»

አሰልጣኟ የመጣችው ለእሳቸውና ለሌሎቹ ፈቺዎች አፈታት ልታስተምር ነበር። አፍራ ደብተሯን ዘጋች።

«ነገ እርስዎ ያስተምሩልኝ።»

ሴትዮዋ ያበጠ የእጅ አንጓቸውን አሻሹ።

«እሺ። ግን ፈቺዎቹን ተያቸው፤ የሚገጣጥሙትን ጥሪልኝ። ሙጫ ከመቀባታቸው በፊት የሚፈታው ሰው እጅ እንደሚያረጅ ልንገራቸው።»